አፈሩ አንድ፣ ችግኙ አንድ፤ የጥዶቼ ግማሽ ለምን ቀጨጨ?

ውይይቱ አርባ ምላሽ ስላለፈና አዲስ የሚገቡ ሰዎች መጀመሪያውን ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ ስለሚደግሙ፣ ጠያቂው እኔው ራሴ ከመክፈቻው ጀምሬ የተባለውን በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጣለሁ። የጸሐፊዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን ግን እንደተረዳሁት ሳላዛባ ለማቅረብ እጥራለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ውስጥ ከአባቴ በወረስኩት መሬት ላይ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሁለት መቶ የሀበሻ ጥድ ችግኝ ተከልኩ። ችግኙ ሁሉ ከአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጋሪ የመጣ ነው። ግማሹን ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥግ፣ አጣጥና ቀጋ ከበቀለበት ዳርቻ ተከልኩት፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ከዚያ አርባ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ባለው የቀድሞ እርሻ ላይ። ለእርሻው ክፍል በየጉድጓዱ አንድ አንድ እፍኝ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ ለደኑ ጥግ ግን ማዳበሪያው ስላለቀብኝ ምንም አላደረግሁለትም። አሁን በሦስተኛ ዓመቱ ማዳበሪያ ያላገኘው ጥድ ወገቤ ደርሷል፤ ያገኘው ግን ከጉልበቴ አላለፈም፣ ቅጠሉም ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው፣ ከመካከሉም ብዙ ደርቋል። የዛፍ ሥርና ፈንገስ ተባብረው እንደሚኖሩ፣ ትልልቆቹ ዛፎችም በፈንገሱ ክር አማካይነት ልጆቻቸውን እንደሚመግቡ ማንበቤን ጠቅሼ፣ የደኑ ጥግ ችግኞች ያደጉት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጥዶች ስለመገቧቸው ነው የሚል አስተያየት ሰጠሁ፤ ትክክል መሆኔንም ጠየቅሁ።

ምላሽ ቁጥር 1 ከጫጫ አካባቢ የጻፉ ሰው ናቸው። በታላቅ ትሕትና ሰላምታ አቅርበው፣ ነገሩን ከዚህ ያህል ማራቀቅ እንደማያስፈልግ፣ በአጥር ጥግ ከብት እንደሚያርፍና ፍጉም እዚያ እንደሚከማች፣ ቁጥቋጦውም ጥላ እንደሚሆን ገለጹ። በእርሳቸውም ግቢ ከበረቱ አጠገብ የተተከለው ወይራ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እንዳደገ አከሉ።

በቁጥር 2 የመጡት በችግኝ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የሠሩ እህት ናቸው፤ ከሁሉ በፊት ስሕተቴን ያሳዩኝም እርሳቸው ናቸው። አንድ እፍኝ ማዳበሪያ ሥሩን በሚነካበት ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ችግኙን መመገብ ሳይሆን ማቃጠል መሆኑን አስረዱኝ። ኤንፒኤስ ከመቶ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ በኦክሳይድ መልኩ የሚለካ ፎስፈረስ፣ 7 እጅ ድኝ የያዘ ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ከለጋ ሥር ውኃ ይስባል። ማዳበሪያ የግድ ካስፈለገ በጣም ጥቂት ሆኖ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ መቀበር ነበረበት። ሌላም ነገር አስታወሱኝ፤ በደጋ መሬት ላይ የተጨመረውን ናይትሮጅን ቀድሞ የሚወስደው ሣሩ ነው፤ ሣሩ ጠግቦ ሲያድግ ውኃውንም ብርሃኑንም ከችግኙ ይቀማል። ይህን ሳነብ በዚያ ክረምት ሣሩን ለማረም የፈጀሁት ጉልበት ትዝ አለኝ፤ በደኑ ጥግ ግን አንድም ቀን አላረምኩም ነበር።

ቁጥር 3 በእኔ ሐሳብ የተደሰተ ወጣት ነው። ዛፎች እንደ ቤተሰብ እንደሚተሳሰቡ፣ እናት ዛፍ ልጇን ለይታ እንደምታውቅ፣ ይህንም አባቶቻችን ቀድመው ስላወቁ የቤተ ክርስቲያን ደን እንዳይነካ እንዳደረጉ ጻፈ።

ይኸኔ በቁጥር 4 የደን ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ገቡ፤ ለስለስ ብለውም አልጻፉም። እኔና ወጣቱ ተረትን እንደ እውቀት እያሰራጨን መሆናችንን፣ በዚህ ዓይነት ወሬ ምክንያት ሰው መሬቱን ማየት ትቶ የሚያምር ታሪክ እንደሚፈልግ ተናገሩ። ቃላቸው ቢመረኝም ፍሬ ነገሩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የታሪኩ መነሻ ሱዛን ሲማርድና ባልደረቦቿ በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በዳግላስ ፈርና በበርች ዛፎች መካከል ካርበን እንደሚተላለፍ ያሳዩበት ጥናት ነው። ጥናቱ እውነተኛ ጥናት ነው፤ በኋላ ግን ወሬው ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዚሁ መስክ ረጅም ጊዜ የሠሩ ሦስት ተመራማሪዎች ማስረጃውን መልሰው መርምረው፣ ትልልቅ ዛፎች በፈንገስ መረብ በኩል ችግኞችን ይመግባሉ የሚለው አባባል በደን ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች በበቂ እንዳልተደገፈ ጽፈዋል። ከዚህ በላይ የመታኝ ግን የባለሙያው የመጨረሻ ነጥብ ነው፦ የካናዳው ደንና የእኛ ደን የሥር ፈንገሳቸው ዓይነት ፍጹም የተለያየ ነው። የዳግላስ ፈርን ታሪክ ወስዶ በሀበሻ ጥድ ላይ መለጠፍ ከመነሻው አያስኬድም።

ቁጥር 5 ይህንኑ በተረጋጋ አነጋገር አብራሩልን፤ በሙያቸው የሥነ ሕይወት መምህር ናቸው። የሥርና የፈንገስ ኅብረት የሚጠራበትን ማይኮራይዛ የሚለውን ስም በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ሲሆን፣ ከግሪክኛ የተገኘው ይህ ቃል ፈንገስና ሥር የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጣመረ ነው። በደን ዛፎች ዘንድ ሁለት ታላላቅ ወገኖች አሉ። አንደኛው የሥሩን ጫፍ ከውጭ እንደ ካባ የሚሸፍን፣ በሥሩ ሕዋሳት መካከል እንጂ ወደ ውስጣቸው የማይዘልቅ ነው፤ የፓይን፣ የኦክና የበርች ወዳጅ ይህ ነው። ሁለተኛው በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደ ትንሽ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ ከውጭ በዓይን የማይታይ ነው። የሀበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ሁሉ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ጋር የሚኖሩ መሆናቸውን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በደረቅ የደጋ ደኖቻችን ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል።

መምህሩ ስለ ፎስፈረስ የጻፉት ለእኔ የውይይቱ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርጌ አቀርበዋለሁ። ፎስፈረስ እንደ ናይትሬት ከውኃ ጋር እየፈሰሰ ወደ ሥር አይመጣም። አሲድ በበዛበት የደጋ አፈር ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በአፈሩ ውስጥ ብዙ ፎስፈረስ ቢኖርም ለተክሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሥሩ በዙሪያው ባለው ጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ የሚገኘውን ካሟጠጠ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እስኪደርሰው ድረስ በምግብ መካከል ይራባል። የፈንገሱ ክር ግን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያነሰ ነው፤ ሥር ሊገባባቸው በማይችል የአፈር ቀዳዳዎች ሾልኮ ብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ይሄዳል፣ ፎስፈረሱንም እዚያው ወስዶ ወደ ሥሩ ሕዋስ ያደርሳል። ዛፉም በነጻ አያገኘውም፤ ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ስኳር ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለፈንገሱ ይከፍላል። ስለዚህም በአጠገቡ የሚሟሟ ፎስፈረስ ሲትረፈረፍ ዛፉ ክፍያውን ይቀንሳል፣ ፈንገሱም በሥሩ ውስጥ ይመናመናል። እኔ በየጉድጓዱ ያፈሰስኩት እፍኝ ማዳበሪያ ለጋውን ሥር ከማቃጠሉም በላይ፣ ሥሩ በአንደኛው ዓመት ወዳጁን እንዳይቀበል አድርጎት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በቁጥር 6 ወጣቱንም ባለሙያውንም አመሰግኜ፣ የእናት ዛፍ የሚለውን አባባሌን መመለሴን ጻፍኩ። ባለሙያው ግን ትምህርታቸውን ሲያካፍሉ ቃላቸውን ቢያለዝቡ እንደሚሻል ከመናገር አልተቆጠብኩም።

ቁጥር 7 ከጣርማበር በኩል ሲሆኑ፣ በክረምት ከጥድ ሥር እንጉዳይ ሲበቅል ማየታቸውን፣ ያም የረዳቱ ፈንገስ ምልክት መሆኑን ጻፉ። በቁጥር 8 መምህሩ በአክብሮት አረሙ። ከሀበሻ ጥድ ጋር የሚኖረው ፈንገስ እንጉዳይ ፈጽሞ አያወጣም፤ ዘሩን የሚያፈራው አፈር ውስጥ ነው። ከጥድ ሥር የሚታየው እንጉዳይ በአብዛኛው የወደቀ ቅጠልና እንጨት የሚያበሰብስ ሌላ ፈንገስ ነው፤ እርሱም ንጥረ ነገሩን ከብስባሹ ስለሚፈታ የራሱ ጥቅም አለው። ፓቱላ ጥድ በሚባለው የፓይን ዓይነት ሥር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ በእርግጥ የሥር ወዳጅ ነው፤ ፓይን ከሌላው ወገን ነውና።

ከዚህ ተነሥተው ቁጥር 9 በፖርቶ ሪኮ የሆነውን ተረኩ። ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያች ደሴት የተዘራው ፓይን ሁሉ ቢጫ እየሆነ ይሞት ነበር፤ ማዳበሪያም አላዳነውም። በ1955 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ካሮላይና የፓይን ደን አፈር መጥቶ ከችግኞቹ ሥር ሲጨመር ግን እድገታቸው ተለወጠ። በደሴቲቱ ላይ የፓይን የሥር ፈንገስ አልነበረም። ይህ ታሪክ አስደስቶኝ ለእኔም ማስረጃ ነው ብዬ ልጽፍ ስል፣ ቁጥር 10 ሆነው የተመለሱት የደን ባለሙያ ቀደሙኝ፤ የሀበሻ ጥድ ፈንገስ ከገብስም፣ ከባቄላም፣ ከቁጥቋጦም ጋር ስለሚኖር በአገሩ ፈጽሞ ሊጠፋ እንደማይችል፣ ሊያንስ ግን እንደሚችል አስገነዘቡ። ዛፉ ባዕድ አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ፈንገሱ በዚያ እርሻ ላይ ምን አግኝቶት እንደተመናመነ ነው።

ከቁጥር 11 እስከ 15 ውይይቱ ወደ ባሕር ዛፍ ዞረ፤ እንደ ልማዳችንም ከረረ። አንዱ የመሬታችን ጠላት እርሱ ነው አሉ፤ ሌላው በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የወፍ ዋሻ ደን ለማገዶ አልቆ ነበር ሲሉ መለሱ፤ ሦስተኛው ልጆቻቸውን ያስተማሩት በአጣና ሽያጭ መሆኑን ተቆጥተው ጻፉ። ከመካከላቸው ለጉዳያችን የረባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባሕር ዛፍ ከሁለቱም የፈንገስ ወገኖች ጋር መኖር ስለሚችል ባሕር ዛፍ የተቆረጠበት መሬት ፈንገስ አልባ ይሆናል ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቅጠሉ ለምጣድ ማገዶ በየቀኑ ስለሚጠረግ ዛፉ ከአፈር ያወጣው ንጥረ ነገር ወደ አፈር አይመለስም፤ መሬቱን የሚያራቁተው ዛፉ ብቻ ሳይሆን መጥረጊያችንም ነው። የመድረኩ ኃላፊ በቁጥር 15 ሁሉንም ወደ ጥዱ መለሱ።

ቁጥር 16 ለእኔ የነገሩ መዞሪያ ሆነ። በዕድሜ የገፉ አርሶ አደር ናቸው፤ በልጃቸው እጅ አስጽፈው የላኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ያ እርሻ ከችግኙ በፊት ምን ተዘርቶበት ነበር? ይህን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለመንገር አላሰብኩም። በቁጥር 17 መለስኩላቸው። ጋሼ፣ ከመትከሌ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የተዘራው ጎመን ዘር ነበር፤ ከዚያ በፊት ገብስ ነበር፤ የታችኛውን ጥግ ደግሞ አባቴ በሕይወት ሳለ አፈሩን አጋይቶት ነበር።

በቁጥር 18 መምህሩ ወዲያው መጡ። ጎመን፣ ጎመን ዘርና ሰናፍጭ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ይህ ቤተሰብ ከአብዛኛው የምድር ተክል በተለየ ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር አይወዳጅም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ፈንገሱን በሥራቸው ይዘው ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩታል፤ ጎመን ዘር ግን በላዩ ላይ ሲመላለስ ፈንገሱ ማደሪያ አጥቶ በአፈር ውስጥ ያለው ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ከተልባ ጋር የተያያዘም ነገር አነሡ፤ ተልባ ያለ ፈንገሱ የማይሆንለት ሰብል በመሆኑ ይህን ጉዳት ፈጥኖ ያሳያል። በቁጥር 19 ሽማግሌው አርሶ አደር እንደገና አስጽፈው፣ ከጎመን ዘር በኋላ ተልባ መዝራት እንደማይወዱ፣ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ ማንም እንዳልነገራቸው ገለጹ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ ሰውየው በሥራ ያወቁት ነገር ከመምህሩ ትምህርት ጋር ከመካከላችን ማንም ሳያቀናብረው ተገናኘ።

አፈር ስለ ማጋየት የተጻፈው ከቁጥር 20 እስከ 23 ያለው ነው፤ ከሌላ አገር ለምታነቡም ልግለጸው። በእኛ ደጋ ለረጅም ጊዜ ያደረ መሬት ሲታረስ ጓሉ በየቦታው እየተቆለለ፣ በመካከሉ ኩበት እየተደረገ ይለኮሳል፤ ያለ ነበልባል ለብዙ ቀን እየጨሰ ይቃጠላል። ከዚያ ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። አንድ ሁለት ዓመት መልካም ምርት ይሰጣል፤ በኋላ መሬቱ ይደክምና ለብዙ ዓመታት ይታደራል። ቁጥር 21 ይህ የአባቶች ጥበብ መሆኑን፣ ገብሱም እንደሚመሰክር ጻፉ። ቁጥር 22 ደግሞ ድንቁርና ነው ብለው መለሱ። በቁጥር 23 በአፈር ምርምር ላይ የሠሩ ሰው ሁለቱንም ገሠጹ፦ እሳቱ ታስሮ የነበረውን ፎስፈረስ ለተክል እንዲመች አድርጎ ይፈታል፣ የገብሱ ምርት የሚጨምረውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ብስባሹንና አብዛኛውን ናይትሮጅን ያጠፋል፣ በውስጡ የነበረውንም ሕይወት ከእነ ፈንገሱ ይገድላል። ለአንድ የገብስ ወቅት የሚበጅ ነገር ለመቶ ዓመት ዛፍ አይበጅም። አባቴ ያን ያደረገው የሚያበላው ልጅ ስለነበረው ነው፤ ያደግሁት በዚያ ገብስ ነውና ማንም ድንቁርና እንዲለው አልፈቅድም፤ ይህንም በጊዜው ጽፌዋለሁ።

ቁጥር 24 ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ በጥዱ መካከል ብተክል ፈንገሱ ናይትሮጅን ከአየር እንደሚያመጣልኝ መከሩኝ። ቁጥር 25 በአጭሩ አስተካከሉ፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘው በሥሩ እጢ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ እንጂ ፈንገስ አይደለም። ሆኖም ባክቴሪያው ሥራውን ለመሥራት ፎስፈረስ በብዛት ስለሚፈልግ፣ ፎስፈረሱን የሚያደርስ ፈንገስ ለትሪ ሉሰርንም ለግራርም ይጠቅማል፤ ምክሩ ምክንያቱ ቢሳሳትም ራሱ መልካም ነው።

ቁጥር 26 ይህን ሁሉ ለማፍረስ የመጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ሳስበው ከሁሉ በላይ የጠቀሙኝ እርሳቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ እንደሚወርድ፣ የቀዘቀዘ አየርም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተንሸራትቶ እንደሚተኛ አስታወሱ። የእኔ እርሻ ከደኑ በታች ነው። ሐምራዊ ቅጠልም የፎስፈረስ እጥረት ብቻ ምልክት አይደለም፤ ጥድ በብርድ ጊዜም ይጠቁራል። አጣጡና ቀጋው ውርጩን ከልክለው፣ እርጥበት ጠብቀው፣ ቅጠላቸውን አራግፈው አፈሩን አዳብረው ሳለ፣ ማንም ያላየውን ፈንገስ ማመስገን ምን ዓይነት አእምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ማዳበሪያው ሌላ፣ ጎመን ዘሩ ሌላ፣ ብርዱ ሌላ፤ አንድ ነገር ብቻ ሳይለያይ ስድስት ነገር የተለያየበትን ቦታ አወዳድሮ መልስ መፈለግ ከንቱ መሆኑን በሻከረ ቃል ተናገሩ። ቁጥር 27 በንዴት ተከራከሯቸው። እኔ ግን አንድ ሌሊት አድሬ በቁጥር 28 ትክክል መሆናቸውን ተቀበልኩ፤ ፈንገሱን ከብርዱና ከብስባሹ ለይቼ የማይበትን መንገድም ለመንኩ።

መንገዱን የሰጡኝ ቁጥር 29 የችግኝ ጣቢያዋ እህትና ቁጥር 30 የአፈር ተመራማሪው ናቸው፤ የሁለቱ ሐሳብ አንዱ ሌላውን ሞላው። እኩል የሆኑ ቡቃያዎች በሦስት ይከፈሉ። የመጀመሪያው ወገን ከደኑ አፈር ይጨመርለት። ሁለተኛው ወገን ያንኑ የደን አፈር፣ ነገር ግን በበርሜል በእንፋሎት የተቀቀለውን ያግኝ፤ ይህ ምግቡን እንደያዘ ፈንገሱ የሞተበት ነው። ሦስተኛው የእርሻው አፈር ብቻ ይሁንለት። ሁሉም ተደባልቀው በአንድ መደብ ላይ ይቀመጡ፤ ያኔ ውርጩም ፀሐዩም ውኃውም ለሁሉ እኩል ይሆናል። አንደኛው ከሁለተኛው ከበለጠ ልዩነቱ በደን አፈር ውስጥ ያለ ሕያው ነገር ነው፤ ሁለቱ እኩል ሆነው ከሦስተኛው ከበለጡ ግን ልዩነቱ ምግቡ ነው። ተመራማሪው አንድ ጥንቃቄ አከሉ፤ አፈር ሲቀቀል ጥቂት ንጥረ ነገር ስለሚፈታ፣ የተቀቀለው ለጊዜው ቢያይል እንዳልቸኩል አስጠነቀቁኝ።

የደን አፈር የሚለው ቃል ሌላ ክርክር አስነሣ። በቁጥር 31 የደብር አገልጋይ የሆኑ አባት፣ ሁሉም አካፋውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ቢመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሽማግሌዎቹ ዛፎች ሥር ራቁቱን እንደሚቀር፣ ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድም አንድ እፍኝ አፈር መውሰድ ስሕተት መሆኑን በጽኑ ጻፉ። ቁጥር 32 ስለ አንድ እፍኝ አፈር ይህን ያህል መከራከር አያስፈልግም ብለው ነገሩን ሊያቃልሉ ሞከሩ፤ በእኔ እምነት ግን አባታችን ልክ ነበሩ። በቁጥር 33 የደን ባለሙያው ሌላ አደጋ ጨመሩ፦ በአገራችን የተከላ ደኖች ውስጥ አርሚላሪያ የተባለ ሥር አበስባሽ ፈንገስ ተገኝቷል፤ እርሱም በአፈርና በሥር ቁራጭ ይጓዛል። ከሚደርቅ ዛፍ ሥር አፈር የሚወስድ ሰው ወዳጅ ፈልጎ ገዳይ ይዞ ይሄዳል። ስለ ሥር ፈንገስ ሲወራ መልካሙ ብቻ እንዳይታሰብ መናገራቸው ለሁላችንም ተገቢ ነበር።

የሁሉንም ቅሬታ የፈታችው እንደገና የችግኝ ጣቢያዋ እህት ናት፤ በቁጥር 34። ከጤነኛ ዛፍ ዙሪያ የተወሰደ ጥቂት አፈር ብዙ ማድረግ ይቻላል። ከታቹ በተበሳ ባልዲ ውስጥ የተቀቀለ አፈርና አሸዋ ተደባልቆ ይሞላል፤ ሁለት እፍኝ የደን አፈር ከመካከሉ ይደረጋል፤ በላዩ ገብስና ባቄላ ይዘራል። ሥራቸው እየተዘረጋ ሲሄድ ፈንገሱም አብሮ ይበዛል። ከሦስት እስከ አራት ወር ውኃ ከጠጣ በኋላ ላዩ ይታጨዳል፣ ውኃው ይቆማል፣ አፈሩ ይደርቃል፤ ከዚያ ሥሩ ተከትፎ ከእነ አፈሩ ለየችግኙ አንድ አንድ እፍኝ ይሆናል። ማዳበሪያ በባልዲው ውስጥ መጨመር እንደሌለበት አጥብቃ አሳሰበች።

ቁጥር 35 ከአንኮበር ነው፤ የወፍ ዋሻ ደን ሁሉ እንደ አንድ ነገር መታየቱን አልወደደም። ከታች ዝግባና ወይራ፣ ከመካከል ጥድና ኮሶ፣ ከላይ ውርጩ በሚበረታበት አስታ እንደሚገኝ ጠቅሶ፣ አስታ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት የሥር ፈንገስ እንዳለው መምህሩን ጠየቀ። መምህሩ በቁጥር 36 አረጋገጡ። የአስታ ወገን ፈንገስ በብርድና በአሲድ ምክንያት ቅጠል በማይበሰብስበት አፈር ውስጥ ናይትሮጅኑን ራሱ ከብስባሹ ፈልቅቆ ያወጣል። ስለዚህ ከአስታ ሥር አፈር አምጥቶ ለጥድ ማድረግ ያንን ወዳጅ ማምጣት አይደለም። ይህ ለእኔ አዲስ ነበር፤ ብዙ ሰውም ከዚህ እንደሚጠቀም አምናለሁ።

በየካቲት መጨረሻ መምህሩ ሥር እንድልክላቸው ጠየቁ፤ ከደኑ ጥግ፣ ከእርሻው መካከልና ከተጋየው ጥግ ቀጫጭኑን ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ላክሁ። ያደረጉትን በቁጥር 38 ጻፉት። ሥሩን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሙቀው ቀለሙ እስኪለቅ ካነጹ በኋላ፣ የብዕር ቀለም በኮምጣጤ በጥብጠው ነከሩት፤ የፈንገሱ አካል ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት በደኑ ጥግ ሥር ውስጥ ክሩም፣ ከረጢት መሳዩም፣ ቁጥቋጦ መሳዩም በየቦታው ነበር። በእርሻው መካከል እዚህም እዚያም ታየ። ከተጋየው ጥግ ባዩት ቁራጭ ላይ ግን ምንም አላገኙም። ሆኖም ከየቦታው አንድ ችግኝ ብቻ ስለታየ ይህን እንደ ፍርድ እንዳልይዘው ጽፈዋል፤ ቁጥር 26 የነበሩት ሰውም በቁጥር 39 ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው፣ የቀጨጨ ችግኝ ስኳር ስለሌለው ፈንገስ ላይቀበል እንደሚችል፣ ማለትም የፈንገሱ ማነስ የመቀጨጩ ውጤት እንጂ ምክንያት ላይሆን እንደሚችል አመለከቱ። ለዚህ እስካሁን የምመልሰው የለኝም፤ ሙከራው ይመልሳል ብዬ እጠብቃለሁ።

ሙከራውን ጀምሬአለሁ። ለሰበካ ጉባኤው ጉዳዩን አስረድቼ፣ ለጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲቆፈር ከጤነኛ ጥዶች ዳር ከወጣው አፈር ሁለት ቅርጫት ተፈቀደልኝ፤ ከደኑ ውስጥ ምንም አልተቆፈረም። 120 ቡቃያ በሚያዝያ ወደ ከረጢት አዛወርኩ፤ አርባው ከነሕይወቱ የደን አፈር፣ አርባው የተቀቀለውን፣ አርባው የእርሻዬን አፈር ብቻ ይዟል። በየከረጢቱ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ክር አስሬ ደባልቄ አስቀምጫቸዋለሁ፤ የትኛው ክር የየትኛው እንደሆነ የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት፤ የምለካው እኔ ስለሆንኩ እጄ እንዳያዳላ ብለን ነው። በሁለት ባልዲም ገብስና ባቄላ ዘርቻለሁ።

ቁጥር 42 አሁን የመጣው ጥያቄ ነው፤ የእርሻው ክፍል የቀሩት ጥዶች ምን ይሁኑ ይላል። አልነቀልኳቸውም። ማዳበሪያ አቁሜ፣ ከየአንዳንዳቸው ዙሪያ ሣሩን አንሥቼ፣ በመካከላቸው የሚያቆጠቁጠውን ቀጋና አጣጥ መመንጠር ትቻለሁ። ወንድሜ መሬቱ ዳዋ በላው እያለ ይወቅሰኛል፤ እስከ መስከረም ልኬት እንዲታገሰኝ ተስማምተናል።